ሰያፍ የጎደለው ጎተራ

ጥር 8

ለምወድህም ለምፈራህም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃህን ወጥቶ፣ ካፖርትህን ሳታወልቅ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኛ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደህና ነን።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጎተራው ነው። አባቶቻችን፣ ሁለቱ የወንድማማች ልጆች፣ በአንድ በጋ ያቆሙት ያ ከብትም ድርቆሽም የሚይዝ ትልቅ የእንጨት ጎተራ እስካሁን ቆሟል። ቆሟል ስልህ ቀጥ ብሎ አይደለም፤ የጎረቤት ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ወደ ምሥራቅ ጋደል ብሎ ነው። ከብት ከወጣበት ዘጠኝ ዓመቱ። አሁን ያለው አሮጌ ድርቆሽ፣ ቆጡ ላይ ደግሞ ሃያ ሁለት ዶሮ ነው።

ከተማ የተከራየሁትን የስፌት ክፍል ባለቤቱ እስከ ሰኔ ሠላሳ ልቀቂ ብሎኛል። ስድስት የስፌት መኪናና አምስት ሴቶች ይዤ የት እገባለሁ? ሌላ ክፍል ፈልጌ ጫማዬ አለቀ። መስኮት ያለው በር የለውም፣ በር ያለው መስኮት የለውም። ስለዚህ ጎተራውን አየሁት። ብናቃናው፣ መስኮት ብናወጣለት፣ እያንዳንዱ የላም ጋጥ አንድ መኪና ከነወንበሩ ይይዛል። ግርግሙ ላይ የጨርቅ ጥቅል ይተኛል። ላሞቹ የቆሙበት ቦታ ለልብስ ሰፊ የተለካ ይመስላል።

በሌላ በኩል አንድ የጣውላ ነጋዴ እየመጣ እያባበለኝ ነው። አሮጌ እንጨት ሀብታሞች ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉታል አሉ፤ አፍርሼ ልውሰደው ይላል። ግማሹ ያንተ ነውና ያላንተ ቃል አንድ ሚስማር አልመታም፣ አንድ ሚስማርም አልነቅልም። ምን ትላለህ?

ልደውልልህ ነበር። ባለፈው «በስልክ የተነገረ ልኬት ነፋስ የበላው ልኬት ነው፣ ጻፊው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ ይኸው ጻፍኩት።

እህትህ ድምቢጥ

ጥር 29

ለእህቴ ለድምቢጥ፣

ጤና ላንቺ፣ ለቤትሽና ለሃያ ሁለቱ ዶሮ ይሁን። ጉልበቴ ደህና ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድማ ትነግረኛለች።

መልሴ አጭር ነው፦ ይፍረስ።

ሠላሳ ዓመት ቤት ሲጋደል ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ቆሟል» ትይኛለሽ። ሰካራምም ይቆማል። በሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ምሰሶውን ከአግዳሚው ጋር አስሮ የሚይዝ ሰያፍ የሌለው ቤት ነፋስ በመጣ ቁጥር አንድ ፀጉር ያህል ይሄዳል፣ አይመለስም። ፀጉር በፀጉር ላይ አርባ ዓመት ሲደመር ጋደል ያልሽውን ይሆናል። አንድ ቀን ደግሞ ጋደል ማለቱን ይተውና ይተኛል፤ ያን ቀን ከሥሩ አምስት ሴቶች እንዲኖሩ አልፈልግም። ነጋዴው ይውሰደው። ከሽያጩ ድርሻዬን አልፈልግም።

እልህሽን ስለማውቅ ግን፣ እምቢ ካልሽ እነዚህን ላኪልኝ፦ የእያንዳንዱን ምሰሶ ቁመትና ውፍረት፤ በቱንቢ ተለክቶ ምን ያህል እንደ ጋደለ፤ የእያንዳንዱን ምሰሶ እግር በመሮ ወግታችሁ ምን ያህል እንደ በሰበሰ። በግምት የተጻፈ አንድ ቁጥር ካየሁ ቀሪውን አላነብም። «ወደ አራት ሜትር ገደማ» የሚባል ልኬት በዓለም ላይ የለም። ወይ አራት ሜትር ነው፣ ወይ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በቁጣ አይደለም። ደግሜ ሳነበው ግን በቁጣ ይመስላል። ይሁን።

ጋሼሽ

የካቲት 21

ለቁጡው ጋሼ፣

ቁጣህ በደህና ደርሶኛል፣ ፖስታው እንኳን አልተቀደደም። አንተም እንደሱ ደህና ሁንልኝ።

እምቢ ብያለሁ። ስለዚህ ልኬቱን ልኬልሃለሁ፣ ከዚህ ጋር በተያያዙት ሁለት ገጾች ላይ ነው።

የለኩልኝን አናጢ ላስተዋውቅህ። ሰው ሁሉ ጋሽ ዝምታው ይላቸዋል። ለምን እንዲህ እንዳሏቸው እግዜር ይወቅ፤ ጠዋት ሲመጡ የጀመሩትን ወሬ ማታ በሩ ላይ ቆመው ነው የሚጨርሱት። ደብዳቤህን ሳነብላቸው «ይሄ ሰውዬ ጎተራ ነው አውሮፕላን የሚያስለካን?» አሉ። ቁልፍ የምትተክልልኝ እትዬ አዝራር ደግሞ ቱንቢውን በክሩ ይዛ፣ «ይሄ እንደ ባሌ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሲንጠለጠል ብቻ ነው» ብላ አምስታችንንም ከሥራ አስፈታችን።

ባጭሩ፦ ዐሥራ ሁለቱም ምሰሶዎች ጽድ ናቸው። ዘጠኙን መሮው አልገባባቸውም። ሦስቱ እግራቸው በስብሷል፤ አንዱ አራት ጣት፣ አንዱ ስድስት ጣት፣ አንዱ ላይ መሮው እስከ እጀታው ገብቶ ጋሽ ዝምታው «አቤት» አሉ፣ ሰው እንደ ጠራቸው። የጋደለው በቱንቢ አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት ነው።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ያ የሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ድርቆሽ እንደ ተቆለለበት ነው፤ ግድግዳውን አይቼው አላውቅም። ድርቆሹን አራት ቀን አወጣን። እንዳልከው ሰያፉ የለም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለሱ አልጻፍኩልህም፣ አላውቀውምና። ባሕር ማዶ ተቀምጦ በድርቆሽ ውስጥ ማየት እዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ እንዴ?

አግዳሚው ላይ የቀረው ጉማጅ የመጋዝ ምልክት አለው። ጋሽ ዝምታው በጣታቸው ዳብሰው፣ «ይሄ አልተሰበረም፣ ተቆርጧል። የቆረጠውም አናጢ አይደለም፤ መጋዙ ሦስት ጊዜ ዘሎበታል» አሉ።

እህትህ ድምቢጥ

መጋቢት 12

ለድምቢጥ፣

ጤናሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አምስቱን ጊዜ በንዴት።

አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት! የማን ስንዝር? የዝሆን ስንዝር አለ፣ የጦጣ ስንዝር አለ። ሜትር የምትባል ነገር የተፈጠረችው አንቺና ጋሽ ዝምታው እንድትጠቀሙባት ነው። ስፌት ቤት ውስጥ ሜትር አጣሁ እንዳትይኝ! ለመሆኑ አንገትሽ ላይ የሚንጠለጠለው ምንድነው? አሁን የሆነው ሆኗል። ሰውዬው እጃቸውን ጣታቸውን ዘርግተው ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፣ አንቺ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ወረቀቱን ላኪልኝ። እስከዚያው መደበኛ ስንዝር ብዬ ሠርቻለሁ።

ይፍረስ ያልኩት ለጊዜው ይቆይ። ዘጠኝ ጤነኛ የጽድ ምሰሶ ማፍረስ ኃጢአት ነው፤ ዛሬ ያን ዓይነት እንጨት በጸሎትም አይገኝ። ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦

መጀመሪያ ግድግዳውን በክሪክና በገመድ ያዙት። ከዚያ የበሰበሱትን እግሮች እስከ ጤነኛው ቁረጡ፤ አዲሱን እንጨት እንደ መቀነት ጫፍ በሰያፍ አደራርባችሁ ቀጥሉ፣ ከሥሩ ድንጋይ አስገቡ። አፈር ላይ የቆመ እንጨት አፈር ይሆናል። ከዚያ ማቃናት። በቀን አንድ ጣት። ሁለት አይደለም። አርባ ዓመት የተጋደለን ቤት በአንድ ጠዋት ቀጥ በል ብትይው ወገቡ ይሰበራል፤ ሰውም እንደዚያው ነው። መስኮቶቹ በሰሜን በኩል ይሁኑ፤ ፀሐይ ጨርቅ ታደበዝዛለች። የቆጡን ወለል ሳትፈትሹ አንድም ሰው እንዳይወጣ፣ እትዬ አዝራርም ብትሆን።

ሰያፉን በተመለከተ፦ አዲስ ይሠራ። ልኩ ሥዕሉ ላይ አለ።

ጋሼሽ

ሚያዝያ 4

ለሥዕል አዋቂው ጋሼ፣

ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን፤ የደከመው ክሪኩ ነው።

የጋሽ ዝምታው እጅ ይኸው ተልኮልሃል። ትልቅ ነው፣ አትደንግጥ። እትዬ አዝራር «እኔስ እጅ የለኝም?» ብላ የራሷንም አስምራለች፤ ለምን እንደሚጠቅምህ አላውቅም፣ ግን ጉልበትህ ለታመመበት ቀን ብላሃለች።

ሥራው ተጀምሯል። ክሪኩን ያዋሰን ሰፈራችን ያለው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በየጠዋቱ ስድስት ሴቶች ገመዱን እንይዛለን፣ ጋሽ ዝምታው ክሪኩን ያዞራሉ፣ አንድ ጣት ሲሞላ «በቃ!» ይላሉ፣ ቤቱ በሙሉ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይጮሃሉ። እንቁላል መጣል አቁመዋል። ትናንት ትንሿ ሰፊያችን «ጋሽዬ፣ ዛሬ ሁለት ጣት ብናደርገውስ? ማን ያየናል?» ብትል፣ «ያ ሰውዬ ያያል። በድርቆሽ ውስጥ ያየ ሰው ነው» አሏት።

ሦስቱም እግሮች ተቀጥለዋል። ቅጥሉ ላይ ጥፍሬን ባስገባ አልገባልኝም።

ጋሼ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካልፈለግህ አትመልስልኝ።

ስድስት ዓመቴ እያለ ቀዩ በሬ ጎተራውን ጎዳ ተብሎ ሲሸጥ አስታውሳለሁ። ምኑን እንደ ጎዳ ማንም አልነገረኝም። በዚያው ሰሞን አንተ አንድ የእንጨት ጋሪ ነበረችህ። ዘንጓ ጽድ ነበር፣ ሽታው አሁን ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። እንጨቱን ወንዝ ዳር አገኘሁት ብለኸኝ ነበር። አሳፍረኸኝ ቁልቁለቱን ወረድን፣ ከታች ያለው አጥር አዲስ የበቀለውን የፊት ጥርሴን ወሰደው። ስስቅ ክፍተቱ እስካሁን ይታያል፤ እኔም ብዙ እስቃለሁ።

ወንዛችን ዳር ጽድ በቅሎ አያውቅም።

እህትህ ድምቢጥ

ግንቦት 6

ለድምቢጥ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ።

መጋዙ ሦስት ጊዜ አልዘለለም። አራት ጊዜ ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለጋሪዋ ዘንግ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት አጣሁ፤ ያ ሰያፍ ደግሞ ቀጥ ያለ ነበር። ከቆረጥኩት በኋላም ቤቱ ቆሞ ስላየሁት የማያስፈልግ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ዲግሪ ያላቸው፣ እንዲሁ ሲያስቡ አይቻለሁ፤ የጮኽኩባቸውም ለዚያ ነው።

አባቴ ማታ ገብቶ ጉማጁን አየ። «ምን ሆኖ ነው?» አለ። «በሬው ታኮበት ነው» አልኩ። አባቴ በሬውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። በሳምንቱ በሬው ተሸጠ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት የማቆም ትምህርት የተማርኩት በዚያ በሬ ምክንያት ነው ብልሽ ትስቂያለሽ። ሳቂ። ለአባቴ ቀብር ስመጣ ጎተራው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አባቴ ሳያውቅ ሞተ፤ ነግሬው ቢሆን ምን ይል እንደ ነበር እኔም ሳላውቅ ቀረሁ። ይፍረስ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የምሕንድስናው ምክንያት ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ እሱ አልነበረም።

ስለ ጥርስሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ለጋሽ ዝምታው እንዳትነግሪ፤ ከተማው በሙሉ ይሰማል።

ጋሼሽ

ግንቦት 26

ለበሬ ከሳሹ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ዛሬ እየሮጠ ነው የሚመጣው፣ ተቀበለው።

ይቅርታህን ጥርሴ ተቀብሏል። አሁን ተቀመጥና አንብብ። ከቆምክ ጉልበትህ አትችለውም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት፣ ዶሮዎቹን ከቆጡ ላይ ስናወርድ ነው። (ወለሉን ፈትሸናል፣ አትቆጣ።) አንብቤው ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከመጨረሻው ጎጆ ጀርባ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተጋድሟል። ፈታሁት። ሰያፍ ነው። አዲስ። ማለቴ አሮጌ አዲስ፦ ጽድ፣ ሁለቱም ጫፉ ለመግጠሚያ የተጠረበ፣ ዘይት የጠጣ፣ የእንጨት ችንካሮቹ በሲባጎ ታስረውበታል። አንድ ቀን ያልሠራ።

ከላይ ሆኜ «ጋሽዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። ጋሽ ዝምታው ቀና ብለው አዩት። ዝም አሉ። ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ዝም አሉ። እትዬ አዝራር የታመሙ መስሏት ውኃ ልታመጣ ሮጠች።

«እኔ ነኝ የጠረብኩት» አሉኝ በኋላ። «ያኔ ለጋሼሽ አባት ነበር የምሠራው። ሰያፉ በተቆረጠ በማግሥቱ ጠርተው አሳዩኝ፤ ጉማጁንም፣ መሬት ላይ የቀረውን የመጋዝ ብናኝም። የበሬ ቀንድ ብናኝ አያወጣም። ልኩን ወስጄ ሠራሁት። ልገጥመው ስል ግን እጄን ያዙኝ። ‹ተወው። የቆረጠው ልጅ ራሱ መጥቶ ነግሮኝ፣ አብረን እንሰቅለዋለን› አሉ። ጠበቁ። ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ፣ ከዚያ ባሕር ተሻገረ። ‹ቆጥ ላይ አኑረው፤ ጽድ ቢቆይ አይከፋም› አሉኝ። ማዕዘኑ ላይ ድርቆሽ መቆለል የጀመሩት ግን ገና በተቆረጠበት ሳምንት ነው፤ ሰው እያየ እንዳይጠይቅ።»

«ታዲያ ጉማጁን ሲዳብሱ እያወቁ ነው ዝም ያሉኝ?» አልኳቸው።

«የአባትና የልጅ ነገር ነዋ! በቀብሩ ቀን በሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ቢገባ ኖሮ እነግረው ነበር።»

አርባ ሦስት ዓመት! ያ ወሬኛ ሰውዬ! ስማቸውን ከየት እንዳገኙት አሁን ገባኝ።

ስለ በሬውም ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ያ በሬ አርጅቶ ነበር። ሊሸጡት ፈልገው እናቱ እምቢ ብላቸው ዓመት ሞልቷቸዋል። ልጁ ሰበብ ሰጣቸው፤ እንደውም ሊሸልሙት ይገባ ነበር።»

አሁን ወደ ሥራችን። ጎተራው ቀጥ ብሏል፣ ቱንቢው ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች እየሳመው ይወርዳል። አራቱ መስኮቶች ወጥተዋል፣ የጎደሉት ሳንቃዎች ተተክተዋል፣ ጋጦቹ ታጥበው ተጠርበዋል። የቀረው ያ ማዕዘን ነው፤ በክሪኩ ላይ ቆሟል፣ ሳንቃውም የሚመታው ሰያፉ ከገባ በኋላ ነው። የአባትህን ሰያፍ አንስተን ቦታው ላይ አስጠጋነው፣ ወረቀት እንኳን በመሃል አይገባም። ባንተ ሥዕል ልክ ሠርተነው ቢሆን ሁለት ጣት ያጥር ነበር። ይህን የምጽፍልህ እንድትናደድ ነው።

ጋሽ ዝምታው አልገጥመውም ብለዋል። እኔም አልገጥመውም። ሹፌሩ ክሪኩን ሰኔ ሃያ አምስት ይወስዳል፣ ከዚያ በላይ አንድ ቀን አይጨምርም። እኔ የከተማውን ክፍል ሰኔ ሠላሳ አስረክባለሁ። አንተ ካልመጣህ ማዕዘኑ ክፍት ይቀራል፣ ዝናቡ ይገባል፣ እኔም ስድስት መኪና ይዤ መንገድ ላይ እቀራለሁ። አዎ፣ እያስገደድኩህ ነው። እምቢ ካልከኝ ነጋዴው አሁንም በአጥሩ በኩል እያለፈ ሰላም ይለኛል።

እህትህ ድምቢጥ

ሰኔ 14

ለድምቢጥ፣

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም፣ ለጋሽ ዝምታው በተለይ።

ይህን ደብዳቤ የምታገኚው ከእኔ በኋላ ነው፤ ትእዛዙ እንደሚዘገይ አውቃለሁ፣ ሳልጽፈው ግን አልሳፈርም። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን ልኬት ስላለበት በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

በሥዕሌ ላይ የሁለት ጣት ስህተት የለም። የተላከልኝን እጅ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፤ ሰውዬው ከመደበኛ ስንዝር ሁለት ጣት ተኩል ይረዝማሉ። ስህተቱ የእጃቸው ነው። ግማሿ ጣት የት እንደ ሄደች መጥቼ እመረምራለሁ። የእትዬ አዝራር እጅ ልከኛ ነው፤ ከእንግዲህ በእሷ ለኩ።

ሰያፉን ከጆንያው አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አጋድሙት፣ ፀሐይ አይንካው። ችንካሮቹን አታርጥቡ። ማዕዘኑ ሥር ሰው እንዳይቆም። ክሪኩን ማንም እንዳይነካ፣ እኔ እስክደርስ።

ለአባቴ የማውራት ዕዳ አለብኝና ጉማጁ ሥር ብቻዬን ትንሽ እቆማለሁ። ብዙ አልቆይም። ከዚያ ገመዱን ትይዣለሽ፣ ጋሽ ዝምታው ከታች ይደግፋሉ፣ እኔ እመታለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ መዶሻ ይዣለሁ። መጋዝ አልያዝኩም።

ጋሼሽ